«ቆጥረሽ ስትጨርሺ ምን ልትሰጪን ነው?» አለኝ አባቴ

ይሄ የፍቅር ታሪክ አይደለም፤ የገንዘብ ልመና ታሪክ ነው። ለማኟም እኔ ነኝ! የምለምነው ደግሞ ለጫማ ወይም ለቀሚስ ሳይሆን ለምርምር ነው።

የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄዳችሁ፣ እንጅባራ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ በደን የታጠረ ክብ ውሃ አለ። እሱ ነው። አባቴ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ፈረሱን አሸብርቆ ሲወጣ እኛ ልጆቹ መሬት አይበቃንም ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋቢው ላይ አሳርፎ ሲቀመጥ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጥጥ የሚፈትሉ ይመስላሉ። ልጓም ሲጨብጥ ግን ቀጥ! ሰፈርተኛው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲፈልግ ይንቀጠቀጣል፣ ሲፈልግ ይተወዋል!» ግማሹ አረቄ ነው አለ፤ ግማሹ የሰው ዓይን። ቆይቶ እርምጃው አጠረ፤ ፊቱም ሳቅ ጠፋበትና ሰው ሁሉ የተቆጣ መሰለው። እናቴ እንኳን «ምን አድርጌው ነው?» እያለች ታለቅስ ነበር።

እኔ ከተማ ውስጥ በጤና ምርምር ረዳትነት እሠራለሁ። ባሕር ዳር አምጥቼ አስመረመርኩት፤ ፓርኪንሰን ተባለ። እጁ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠውና ሥራ ሲይዝ ጋብ የሚለው የበሽታው ጠባይ ሆኖ እንጂ ማስመሰል አልነበረም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እንቅስቃሴን የሚያሳልጠው እሱ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታውን በ1817 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ሌቮዶፓ የሚባለው ክኒን ምልክቱን ያቀልላል። ፋጡማና ኃይሌ ወርቅ ባጠለቁበት በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ችቦውን ሲለኩስ እጁ የተንቀጠቀጠውን መሐመድ አሊን አስታወሳችሁት? ያ ነው በሽታው።

ምን አደረግኩ? ተናድጄ ለአንድ የውጭ አገር ድርጅት ማመልከቻ ጻፍኩ! መንስኤውን እመረምራለሁ፣ መድኃኒት እፈልጋለሁ፣ የዘር ምርመራ አደርጋለሁ... ያልጻፍኩት አልነበረም። መልሱ ሦስት መስመር ሆኖ መጣ፦ ጥያቄው ከአመልካቿ አቅም በላይ ሰፊ ነው። እውነት ለመናገር ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም።

በሦስተኛው ቀን ሌሎች ምን ሠርተው እንደነበር ማንበብ ጀመርኩ። (ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ!) በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው ለነርቭ በሽታ ፈትሸዋል። በ1990 ያሳተሙት ጽሑፍ እንደሚለው ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ ነው የተገኘው። አውሮፓ ውስጥ ግን ከ100,000 ሰው ከመቶ በላይ ይገኛል። ታዲያ እኛ አንታመምም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በሽታው በብዛት ሽማግሌን ነው የሚይዘው፤ የእኛ ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ወጣት ነው። ሌላም አለ። ታንዛኒያ ውስጥ ሀይ በሚባል ወረዳ እንዲሁ ቤት ለቤት ተዞሮ፣ ውጤቱ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል፤ ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚያ ቀን በፊት የበሽታቸውን ስም ሰምተው አያውቁም። ልክ እንደ አባቴ!

ስለዚህ ሐሳቤን አጠበብኩት። መድኃኒት ማግኘቱን ትቼ ዘንገና ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ብቻ ልቁጠር አልኩ። ለበዓል አገር ቤት ሄጄ ቡና እየተጠጣ ይህንኑ በኩራት ስተርክ አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በዚያ በቀነሰ ድምፁ፣ «ቆጥረሽ ስትጨርሺ ምን ልትሰጪን ነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ! ፕሮፖዛሌ ውስጥ የመኪና ኪራይ አለ፣ የጠያቂዎች አበል አለ፣ የወረቀት እንኳን አለ። ለተገኘው በሽተኛ ግን አንዲት ክኒን የለችም።

እናንተም ለማንኛውም ምርምር ገንዘብ የምትጠይቁ ከሆነ ከዚህ ስህተቴ ተማሩ። ብዙዎቹ ሰጪዎች መጀመሪያ አጭር የሐሳብ መግለጫ ይጠይቃሉ፤ ከወደዱት ነው ሙሉውን አምጡ የሚሉት። ገንዘቡንም ለግለሰብ ሳይሆን ለተቋም ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ የሚያቅፋችሁ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል አስቀድማችሁ ፈልጉ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ደግሞ የአባቴን ጥያቄ ነው በሌላ ቋንቋ የሚጠይቃችሁ። ሕሙማንንም ከጅምሩ አማክሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ራሷ ፓርኪንሰን ያለባት ሴት ያቋቋመችው የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ ወረቀት ላይ የማይገኝ ነገር እዚያ ይሰማል።

ሁለተኛውን ማመልከቻ እንደ አዲስ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ዙር ጤና ባለሙያዎች በአጭር መጠይቅ ይለያሉ፤ በሁለተኛው የነርቭ ሐኪም መጥቶ ያረጋግጣል። የሐኪሙን ቀናት ለማስገባት ስል የኮምፒውተሩን ዋጋ ሰረዝኩ። መጠይቁን በአማርኛ ብቻ አዘጋጅቼ ነበር፤ አባቴ አሮጊቶቹ ስለ ሕመማቸው የሚያወሩት በአዊኛ ነው ሲለኝ የማስተርጎሚያ ጨመርኩ። ለሚገኙት ሕሙማን የአንድ ዓመት ሌቮዶፓ በጀት ውስጥ ገባ፤ ከዓመቱ በኋላ ማን እንደሚያቀርብ ከጤና ቢሮ ጋር መነጋገር እንዳለብኝም ጻፍኩ። ይሄኛው መስመር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። መድኃኒት አስለምዶ ማቋረጥ ካለመጀመር የከፋ ነው የሚመስለኝ።

ባለፈው ወር መልስ መጣ፦ የመጀመሪያውን ዙር አልፈሻል፣ ሙሉውን ላኪ። ጮህኩ! ግን ገና አልሰጡኝም። መድኃኒቱን ከዓመቱ በኋላ ማን ይከፍላል የሚለውንም እነሱ በቀይ አስምረውበታል።

ቅዳሜ እንጅባራ እወርዳለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ላስጽፍ። ትናንት ለአባቴ ደውዬ ስነግረው ጥሩ ነው አለና ቀጠለ፦ «ስትመጪ ክኒኔን እንዳትረሺ። ስምንት ፍሬ ቀርቶኛል።»