ነዳጁ እስኪሞላ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ከበረሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ደብሊንን ያውቋታል፤ በመስኮት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሰውም ነዳጅም ሙሉ አድርጎ መነሳት ይቸግረዋል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ዋሽንግተን የሚወርደው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ዝናቡን እያየ ይጠብቅ ነበር።

በዚያችው አየርላንድ ምዕራብ ጫፍ፣ የሻነን ወንዝ ወደ አትላንቲክ በሚሰፋበት በክሌር አውራጃ፣ እንዲህ ያለውን ጥበቃ እንጀራው ያደረገ ኤርፖርት አለ። ሻነን ይባላል። ዛሬ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ የክፍለ ሀገር ኤርፖርት ነው፤ ቦሌን ለለመደ ሰው ትንሽ ነው። ማኮብኮቢያው ግን ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ያህል አስፋልት ለማን ተነጠፈ የሚል ሰው ወደ ኋላ መሄድ አለበት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930ዎቹ መጨረሻ አትላንቲክን የሚሻገሩት አውሮፕላኖች ውኃ ላይ የሚያርፉ ነበሩ። ማረፊያቸውም ከወንዙ ማዶ ያለችው ፎይንስ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አሜሪካ ድረስ ያለው ባሕር ብቻ ነው። በ1943 ክረምት አንድ አውሮፕላን በማዕበል ምክንያት ከመንገዱ ተመልሶ ፎይንስ እንዳረፈ፣ ምግብ አብሳዩ ጆ ሸሪደን ብርድ ያንቀጠቀጣቸውን መንገደኞች ለማሞቅ ቡና ውስጥ ውስኪ ጨምሮ፣ በላዩ ክሬም ደፍቶ እንዳቀረበላቸው ይተረካል። «አይሪሽ ኮፊ» የሚባለው መጠጥ ታሪክ ይኸው ነው። ቡናችንን በጨው፣ በቅቤ፣ በጤና አዳም ስንጠጣ ለኖርን ለእኛ በውስኪው ለመቆጣት አፍ የለንም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዘመኑ በመሬት ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ሆነ። ፎይንስ ተዘጋች፤ ከወንዙ ሰሜን፣ ሪኔአና የሚባለው ረግረግ ደርቆ በተነጠፈው ማኮብኮቢያ ላይ በጥቅምት 1945 የመጀመሪያው መደበኛ የንግድ በረራ አረፈ። ዲሲ 4 እና ኮንስቴሌሽን የተባሉት የዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ከአውሮፓ ኒውዮርክ በአንድ ትንፋሽ መድረስ ስለማይችሉ ሻነን ላይ ያርፋሉ። ባለጸጋውም፣ ተዋናዩም፣ ስደተኛውም ይወርዳል፣ ይጠብቃል፣ ይሄዳል።

ይህን የጥበቃ ሰዓት በነጋዴ ዓይን ያየው ብሬንደን ኦሬገን ነው። የክሌር ልጅ ሲሆን ፎይንስ ላይ የመስተንግዶው ኃላፊ ነበር። የእሱ ክርክር ቀላል ነው፤ ትራንዚት ላይ ያለ ሰው በፓስፖርት ቁጥጥር በኩል ስላላለፈ በሕግ ዓይን አየርላንድ አልገባም፤ ያልገባ ሰው ደግሞ የአየርላንድን ቀረጥ ለምን ይከፍላል? መንግሥትም ሐሳቡን ተቀብሎ በ1947 ሕግ አወጣ፤ በዓለም የመጀመሪያው የኤርፖርት ቀረጥ ነፃ ሱቅም ሻነን ላይ ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ከኪዮስክ የማይበልጥ ነገር ነበር።

ነገር ግን በነዳጅ ማነስ የመጣ ገበያ በነዳጅ መብቃት ይሄዳል። ከ1958 ጀምሮ ጄቶች አትላንቲክን ያለ ማረፊያ ማቋረጥ ያዙ። ሻነንን ሁሉም ዘሎት ሊያልፍ ሆነ። ኦሬገን ቁጭ ብሎ አላለቀሰም፤ በ1959 በኤርፖርቱ ዙሪያ ለፋብሪካዎች ነፃ የንግድ ቀጣና ተቋቋመ፣ ለሠራተኞቹም አጠገቡ አዲስ ከተማ ተሠራ። በ1980 ይህን ቀጣና ሊያጠኑ ከመጡት የቻይና ሹማምንት መካከል በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጂያንግ ዜሚን ይገኙበታል።

መንግሥትም በበኩሉ ኤርፖርቱን በግድ ረዳው። በአየርላንድና በአሜሪካ መካከል የሚበር አውሮፕላን ሻነን ሳያርፍ እንዳያልፍ ደነገገ። ከደብሊን የተነሳው ሰው ወንበሩ ሳይሞቅ ሻነን ይወርዳል ማለት ነው። ደብሊኖች ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያቅትም። ግዴታው በ1990ዎቹ ላላ፣ በ2008 ጨርሶ ቀረ።

ከሁሉም የሚደንቀው ደንበኛ ግን ኤሮፍሎት ነው። ወደ ሃቫና የሚበሩት የሶቪየት አውሮፕላኖች ማረፊያ ያስፈልጋቸው ስለነበር፣ በ1980 ሶቪየቶቹ የራሳቸውን ነዳጅ በመርከብ እያመጡ ሻነን ላይ ማከማቸት ጀመሩ። ከዚያ ወዳጅነት የተነሳ የአየርላንዱ የኤርፖርቶች ድርጅት ኤር ሪያንታ በ1988 ሞስኮ ላይ ቀረጥ ነፃ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1983 ዱባይ ሱቋን ስትከፍት ያቋቋሙላት ባለሙያዎችም የኤር ሪያንታ ሰዎች ነበሩ። ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት ሲመለሱ ዱባይ ላይ ሽቶና ቸኮላት ሻንጣቸው ውስጥ የሚጠቀጥቁ እህቶቻችን የሚገበዩበት ሱቅ ዘሩ ከክሌር ነው።

አሁን ሻነን የሚያቀርበው ዋናው ነገር ሽቶ አይደለም፤ ሰልፍ ማሳጠር ነው። ከ1986 ጀምሮ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሹሞች እዚያው ተቀምጠው መንገደኛውን ከመሳፈሩ በፊት ይመረምራሉ። በ2009 ጉምሩኩም ተጨምሮ ምርመራው በሙሉ እዚያ ሆነ፤ በአውሮፓ ይህን የጀመረ ሻነን ነው። ጥያቄውን፣ አሻራውን፣ ሻንጣውን አየርላንድ ላይ የጨረሰ ሰው ኒውዮርክ ሲወርድ ከቺካጎ እንደመጣ ሰው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የተከለከለም ከሆነ አትላንቲክን አቋርጦ አይመለስም፤ ከበሩ ወደ ኋላ ይላል።

ሁሉም መንገደኛ ግን በበጎ አይታይም። ወደ ኢራቅና ወደ አፍጋኒስታን የሚሄዱ የአሜሪካ ወታደሮችም በገፍ በዚሁ አልፈዋል። ገለልተኛ ነኝ በምትል አገር ይህ እስከ ዛሬ ክርክር ነው፤ ተቃዋሚዎችም ከኤርፖርቱ ደጅ አልጠፉም። እንደኔ ከሆነ ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የማረፊያው ገቢ ብቻ መልስ አይሆንለትም።

የሻነንን ጠባይ በአንድ በረራ አሳይ ብባል ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2009 ከለንደን ሲቲ ወደ ኒውዮርክ የጀመረውን እጠራለሁ። ኤርባስ 318 አውሮፕላን ነው፣ ወንበሩ 32 ብቻ፣ ሁሉም ቢዝነስ ክላስ። የለንደን ሲቲ ማኮብኮቢያ አጭር ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ መነሳት አይችልም። ሻነን ያርፋል፤ ከታች ነዳጅ ሲቀዳ ከላይ ባለገንዘቦቹ ወርደው የአሜሪካን ምርመራ ይጨርሳሉ፣ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ኮቪድ በ2020 እስኪያስቆመው ድረስ፣ ዲሲ 4ን ያወረደው የነዳጅ ነገር እነዚህንም ያወርዳቸው ነበር።