የጥምር እንጨት ሥራ ማሽን ኩፕሊንግ ክፍሎችን በልኬት መለየት፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሥራ ቤቶች የሚሆን አሠራር

መግቢያ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ እንዳሉት ባሉ የወረዳ ከተሞች፣ የበር፣ የመስኮት፣ የአልጋና የጠረጴዛ ሥራ የሚከናወነው በአብዛኛው በአነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤቶች ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቤት መጋዝ፣ መላጊያና መብሻ በአንድ አካል ላይ የተጣመሩበት፣ በተለምዶ ኮምባይንድ የሚባለው ማሽን አመቺ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ በአንድ ሞተርም ብዙ ሥራ ያሠራል። ይሁን እንጂ ጥምርነቱ ድክመትም ያስከትላል። ኃይል የሚያስተላልፈው አንድ ትንሽ ክፍል ሲበላሽ መጋዙም መላጊያውም አብረው ይቆማሉ። መለዋወጫው በአቅራቢያ ካልተገኘ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ማስፈለግ ግድ ይሆናል፤ የመጣው ዕቃ ልኩ ካልሆነ ደግሞ ወጪውም ጊዜውም ይደገማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኩፕሊንግ ክፍሎች በማሽኑ የንግድ ስም ወይም በሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በልኬት እንዴት እንደሚለዩ ማብራራት ነው።

የኩፕሊንግ ምንነትና ተግባር

በርካታ ጥምር ማሽኖች ኃይልን የሚያስተላልፉት በፑሌጃና በቺንጋ ነው። ሌሎች ግን አንዱን ዘንግ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት በኩፕሊንግ ያገናኛሉ። በዚህ ረገድ የሚታወቀው ምሳሌ ሐንስ ጎልድሽሚት የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ሾፕስሚዝ ነው። በዚህ ማሽን ላይ እንደ ባንድ መጋዝ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ከዋናው ራስ ኃይል የሚያገኘው በአጭር ኩፕሊንግ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ባለጥርስ ኩፕሊንግ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባው የብረት ግማሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማሽኑ ዘንግ ላይ የሚገባው ግማሽ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ ግማሾች ጥርሶች መካከል የሚቀመጠው ባለእግር ጎማ ነው። ከነዚህ በተጨማሪ ብረቱ በዘንጉ ላይ እንዳይዞር የምትይዘው አራት ማዕዘን ብረት፣ ማለትም ኪ፣ እና ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ማጥበቂያ ብሎን ይገኛሉ።

ጎማው በንድፉ ቀድሞ እንዲበላ የታሰበ ክፍል ነው። መላጊያው ጉጥ ሲመታ ወይም መጋዙ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲያዝ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ምት የሚያለዝበው እርሱ ነው። በጎማው ፋንታ ሁለቱን ብረቶች በብሎን ማሰር ወይም መበየድ ማሽኑን ለጊዜው ያስነሣው ይሆናል፤ ምቱ ግን ሳይለዝብ ወደ ኩሽኔታውና ወደ ዘንጉ ይሄዳል። በርካሽ የሚተካው ክፍል መበላት ሲገባው ውዱ ክፍል ይሰበራል።

በሞተር ጉልበት ብቻ ማዘዝ ለምን ያሳስታል?

በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሚታየው የኪሎ ዋት መጠን ብቻውን ኩፕሊንግ አይመርጥም። በዓለም አቀፉ የሞተር መጠን ደረጃ መሠረት 2.2 ኪሎ ዋት የሆነ ባለሁለት ዋልታ ሞተር ብዙ ጊዜ 24 ሚሊ ሜትር ዘንግ ሲኖረው፣ እኩል ጉልበት ያለው ባለአራት ዋልታ ሞተር 28 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይኖረዋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መረብ በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ የመጀመሪያው በደቂቃ ወደ 2,850፣ ሁለተኛው ወደ 1,420 ዙር ይዞራሉ።

የመጠምዘዝ ኃይል የሚሰላው ኪሎ ዋቱን በ9,550 አባዝቶ ለዙሩ ብዛት በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ሞተር ወደ 7.4፣ ሁለተኛው ወደ 14.8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ጉልበታቸው እኩል ሆኖ ሳለ በሁለተኛው ላይ ያለው ኩፕሊንግ እጥፍ ኃይል ይሸከማል። ስለዚህ የዙሩ ብዛት ከኪሎ ዋቱ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።

የልኬት ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት ማሽኑ ከኤሌክትሪክ መስመር ይነቀላል፤ መጋዙና የመላጊያው ቢላዋ ፈጽሞ መቆማቸውም ይረጋገጣል።

አንደኛ፣ በቅድሚያ የሚለካው ቀዳዳው ሳይሆን ዘንጉ ነው፤ የላላ ብረት ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ሊያሳስት ይችላል። ልኬቱ በካሊፐር ዘንጉ ባልተበላበት ቦታ ይወሰዳል። ሁለቱ ግማሾች በውጭ ቢመሳሰሉም ቀዳዳዎቻቸው ሊለያዩ ስለሚችሉ የሞተሩና የማሽኑ ዘንግ ለየብቻ ይለካሉ።

ሁለተኛ፣ የሜትርና የኢንች ልኬት ይለያል። ሦስት አራተኛ ኢንች ዘንግ 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ19 ሚሊ ሜትር ዘንግ በማስመሪያ አይለይም። ባለ19 ሚሊ ሜትር ዘንግ ለኢንች በተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ልል ሆኖ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ የሚረዳው የኪው ስፋት ነው። በሜትር ደረጃ ለ19 ሚሊ ሜትር ዘንግ 6 ሚሊ ሜትር ኪ ሲያገለግል፣ በኢንች ደረጃ ለሦስት አራተኛ ኢንች ዘንግ የሚያገለግለው 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። በአንጻሩ ለ24ም ለ28ም ሚሊ ሜትር ዘንግ ኪው 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚለያቸው ዲያሜትሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የብረቱ የውጭ ዲያሜትር፣ ርዝመቱና የጥርሶቹ ብዛት፣ እንዲሁም የጎማው የውጭ ዲያሜትር፣ ውፍረትና የእግሮቹ ብዛት ይመዘገባሉ። የጎማውን ጥንካሬ ከቀለሙ መገመት አይገባም፤ የቀለም ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል። በጎማው ላይ የታተመ የጥንካሬ ቁጥር ካለ እርሱ ይወሰዳል።

ብልሽቱ የት እንዳለ ማወቅ

ማሽኑ ሲነሣ የሚሰማ ኳኳታና ከኩፕሊንጉ ሥር የሚታይ የጎማ ብናኝ ጎማው መበላቱን ያመለክታሉ። በዘንጉ ላይ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄት ግን ብረቱ በዘንጉ ላይ መላላቱን ይጠቁማል፤ በዚህ ጊዜ ጎማ ብቻ መለወጥ ችግሩን አይፈታም።

ባለስድስት እግር ጎማ በሚሠራበት ኩፕሊንግ፣ ማሽኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲዞር ጫናውን የሚሸከሙት ሦስቱ እግሮች ናቸው። ስለዚህ ጎማው ካልተሰነጠቀና ካልደረቀ፣ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ በአንድ እግር አዙሮ ያልተበሉትን ሦስት እግሮች መጠቀም ይቻላል። ይህ ሥራው እንዳይቆም የሚረዳ ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ጥገና አይደለም።

አዲሱ ክፍል ሲገጠም ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ቀጥ ያለ ማስመሪያ በኩፕሊንጉ ዙሪያ በአራት ቦታ በማስደገፍ ይፈተሻል። መስመሩ ከተዛነፈ አዲሱም ጎማ ፈጥኖ ይበላል። መከለያው ወደ ቦታው ሳይመለስ ማሽኑ አይነሣም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ልኬቶች በአንድ ገጽ ይጠቃለላሉ። ማሽኑ ደኅና ሳለ ተለክቶ፣ ገጹ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና ፎቶግራፉ በባለሙያው ስልክ ቢቀመጥ፣ ዕቃ ገዢው ቁርጥ ያለ ልክ ይዞ ይሄዳል። ተመሳሳዩ ዕቃ በገበያ ቢታጣ እንኳ፣ ያልተበሳ ብረት ገዝቶ በቶርኖ ቤት በዚያው ልክ ማስበሳት ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን ልኬት ከማሽን አጠቃቀም ጋር አብረው ቢያስተምሩ፣ በትንሽ ጎማ ምክንያት ሥራ የሚያቆሙ ሥራ ቤቶችን ችግር ማቃለል ይችላሉ።