የገበያ ዕቃ መያዣን ስለ መምረጥ

ከገበያ ወደ ቤታችን የሚገባው ምግብ ንጹሕ መሆኑን እንመረምራለን፤ ምግቡ የተያዘበትን ነገር ግን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ሽንኩርቱ በአንድ ፌስታል፣ ቲማቲሙ በሌላ፣ ዳቦው በሦስተኛ ተይዞ ይመጣል። ምግቡ በዕለቱ ይበላል፤ ፌስታሉ ግን ሳይበሰብስ ለብዙ ዘመን ይኖራል።

ጉዳቱም በሦስት መንገድ ወደ ሰው ይመለሳል። አንደኛ፣ የተጣለው ፌስታል የጐርፍ መውረጃውን ቦይ ይደፍናል፤ በክረምትም ውኃው የመጸዳጃ ጕድጓድ እድፍ ይዞ ወደ ደጃፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከብቶችና በጎች ይውጡታል፤ በሆዳቸውም ስለማይፈጭ ይከሳሉ፤ ይሞታሉም። ሦስተኛውና ለጤና እጅግ የሚያሰጋው፣ ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የማንደድ ልማድ ነው። ፕላስቲክ በምድጃ ሲነድ ሳንባን የሚጐዳ መርዛማ ጢስ ያወጣል፤ ይህንንም ጢስ አብዝቶ የሚስበው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ የሚውለው ሕፃን ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣለውን ፌስታል አግዷል። ይሁን እንጂ ሕጉ ፍሬ የሚያፈራው ገበያተኛው መያዣውን ከቤቱ ይዞ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ለአትክልት የሰሌን ዘንቢል ወይም ቅርጫት፣ ለጤፍና ለጥራጥሬ የቃጫ ጆንያ፣ ለዳቦ የጨርቅ ከረጢት፣ ለቅቤ የኮባ ቅጠል፣ ለወተትና ለዘይት ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ መምረጥ ይገባል። የጥጥ ከረጢትን ለመሥራት ብዙ ውኃና ድካም ስለሚጠይቅ፣ ጥቅሙ የሚገኘው ለብዙ ጊዜ ሲሠሩበት እንጂ ደርድረው ሲያኖሩት አይደለም።

ነገር ግን የሚመላለስ መያዣ ካልታጠበ ራሱ የበሽታ መተላለፊያ ይሆናል። ከረጢቱን በሳሙና አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ ጥሬ ሥጋንም ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል። የኅትመት ቀለም ወደ ቅባት ያለበት ምግብ ስለሚያልፍ፣ እንዲህ ያለውን ምግብ በጋዜጣ መጠቅለል አይገባም። ትኩስ ወጥ በፌስታል አይጨመር፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለውኃ መያዣ አይሁን።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ በአንድ ሳምንት ወደየቤታቸው የገባውን ፌስታል ቈጥረው እንዲያመጡ እዘዟቸው፤ ቍጥሩንም በሰሌዳው ላይ ደምሩላቸው። ዘንቢሉን ከግድግዳው አውርዶ ለእናቱ የሚያቀብል ልጅ ከዚያ ትምህርት እንደሚገኝ ተስፋ እናደርጋለን።