ባለቤት ያለው ክኒን፣ ባለቤት የሌለው መርፌ

በ1996 ሁለት ዕቃዎች የአሜሪካን የሕክምና ገበያ በር አለፉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ኦክሲኮንቲን የተሰኘ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነው የአኩፓንክቸር መርፌ ነው። መርፌው ቀድሞም በአገሪቱ ይሠራበት ነበር፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ግን በሙከራ ላይ ካሉ መሣሪያዎች ተራ አውጥቶ፣ ንጹሕና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እስከሆነ ድረስ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲሸጥ የፈቀደው በዚያው ዓመት ነው።

ክኒኑ በመጀመሪያው ዓመት የ48 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አስገባ። በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። መርፌውን ማንም ፋብሪካ ሊያመርተው ስለሚችል እንዲህ ያለ ሽያጭ በስሙ የሚያስመዘግብ ባለቤት የለውም።

ዛሬ ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ሰው ገላ ላይ ይገናኛሉ። በክኒኑ ሱስ የተያዘው ሰው ከሱሱ ለመላቀቅ መርፌውን ይሞክራል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ታዲያ መርፌው ይሠራል ወይ ብሎ ብቻ አይደለም። ምን ያህል ይሠራል፣ ከምንስ ጋር ነው የሚሠራው የሚለው ይበልጣል።

ደንበኛ የሚፈጥር ሸቀጥ

ደንበኛው እንዳይለየው የማይመኝ ነጋዴ የለም። የኦክሲኮንቲን ሻጮች ግን ከምኞት አልፈው ሄደዋል። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት እየዞሩ በክኒኑ ሱስ የሚያዘው ሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ይሉ ነበር። ክኒኑ የኦፒየም ዘር ነው። ሰውነት በቆይታ ይለምደዋል፤ መጠኑ ካልጨመረ እንደ በፊቱ አያስታግስም፣ ሲቋረጥ ደግሞ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ኩባንያውና ሦስት ኃላፊዎቹ በ2007 ገዢውን በማሳሳት የቀረበባቸውን ክስ አምነው በድምሩ 634.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደዱ። በጥር 2025 ደግሞ ኩባንያውና ባለቤቶቹ የሳክለር ቤተሰብ አባላት 7.4 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። በዚህ መካከል ነገሩ ከክኒን ወደ ሄሮይን፣ ከሄሮይንም በስውር ወደሚመረተው ፌንታኒል ተሸጋግሮ፣ በ2021 ብቻ ከ80 ሺሕ በላይ አሜሪካውያን በኦፒየም ዘር መድኃኒቶችና ዕፆች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

አምስት መርፌ በአንድ ጆሮ

የመርፌው ታሪክ የሚጀምረው በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። ኤች. ኤል. ዌን የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በመርፌና በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሕመም ለመቀነስ ሲሞክሩ፣ የኦፒየም ሱሰኛ የሆነ ታካሚያቸው ሱሱ ሲያዝበት የሚሰማው ሥቃይ እንደቀለለለት ነገራቸው። በተከታዩ ዓመት በ40 ሱሰኞች ላይ ያዩትን በጽሑፍ አወጡ።

ወሬው በኒውዮርክ የድሆች ሠፈር በሆነው ደቡብ ብሮንክስ ደረሰ። እዚያ በሊንከን ሆስፒታል የያንግ ሎርድስና የብላክ ፓንተር አባላት በ1970 በግድ ያስከፈቱት የሱስ ማላቀቂያ ክፍል ነበር። ዶክተር ማይክል ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ኤሌክትሪኩን ትተው በጆሮ ላይ ብቻ አምስት መርፌ መሰካትን መረጡ። ታካሚዎቹ ወንበር ላይ ተደርድረው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ባለሙያ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ ማሽን የለም፣ አልጋ የለም። በወጪ ስሌት ይህን ያህል ርካሽ የሕክምና አገልግሎት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1985 ናዳ የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ ዘዴውን ማሠልጠን ጀመረ።

ለምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መላምት አለ። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ሀን ጂሼንግ በመርፌ በኩል የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት ሰውነት የራሱን ማስታገሻዎች እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ፣ ዝግተኛው ምት አንዱን ዓይነት ፈጣኑ ደግሞ ሌላውን እንደሚቀሰቅስ በምርምር አሳይተዋል። መላምትና ውጤት ግን ለየቅል ናቸው። በ2002 የታተመ፣ 620 የኮኬይን ሱሰኞችን ያካተተ ጥናት የጆሮ መርፌው ከማስመሰያ መርፌና ሰውነትን ከማፍታታት የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ኮኬይን ከክኒኑ ዘር ባይሆንም ውጤቱ ብዙዎችን አቀዝቅዟል። በ2016 ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም 41 ጥናቶችን ደምሮ ሲመዝን፣ አምሮትንና ጭንቀትን በመቀነስ ረገድ ሕክምናው እንዳበቃ የሚታይ፣ ኋላ ግን የማይዘልቅ ለውጥ ነው ያገኘው። የጥናቶቹም ጥራት ደካማ ነበር።

ጥራቱ ለምን ደከመ ቢባል ነጋዴ መልሱን አያጣውም። ትልቅ ጥናት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። የፈጠራ መብት ያለው ኩባንያ ገንዘቡን የሚያፈሰው በኋላ በብቸኝነት ሸጦ ስለሚመልሰው ነው። የጆሮን አምስት ነጥቦች ግን ማን በስሙ ያስመዘግባል?

መብቱ ያለበት ገበያማ ደርቷል። ሱስን ለመቆጣጠር የሚታዘዘው ሰቦክሶን ከአፍ የሚቀልጥ ስስ ቅጠል ሆኖ በአዲስ የፈጠራ መብት ሲወጣ፣ አምራቾቹ ከቀድሞው ክኒን ይልቅ ለሕፃናት አያሰጋም ብለው ሸጡት። የዚህ ክስ መዝጊያ ለሬኪት ቤንኪዘር በ2019 1.4 ቢሊዮን፣ ለኢንዲቪየር በ2020 600 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በሽታውን የሸጠም መድኃኒቱን የሸጠም ተከሷል ማለት ነው።

ይሁንና የሻጮቹ ጥፋት መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም። በሰቦክሶን ውስጥ ያለው ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን ሞትን እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል። መርፌው እንዲህ ያለ ማስረጃ የለውም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን ጥሎ በመርፌ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት የታቀበ ሰው ሰውነቱ የለመደውን መጠን መቋቋም ያቅተዋል፤ አምሮቱ አሸንፎት የድሮውን ያህል ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። “ያለ መድኃኒት ከሱስ እናላቅቃለን” ብሎ የሚያስተዋውቅ ክሊኒክ ለደንበኛው የሚሸጥለት ይህንን ጭምር ነው።

መርፌው ከመድኃኒቱ ጎን ሲቆም ግን መልኩ ይለወጣል። በ2024 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን በተባለው መጽሔት የወጣ የቻይና ጥናት 118 የሜታዶን ተጠቃሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ከስምንት ሳምንት በኋላ የሜታዶን መጠናቸውን ቢያንስ በ20 በመቶ መቀነስ የቻሉት እውነተኛውን መርፌ ካገኙት 62 በመቶ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 29 በመቶ ነበሩ። አምሮታቸውም ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሜታዶኑን በአንድ ጊዜ የጣለ ሳይሆን ቀስ እያለ የቀነሰ ሰው ነው የለካው።

ከፋዩስ ምን ይላል? ሜዲኬር፣ አሜሪካ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ያቆመችው የጤና መድን፣ በጥር 2020 ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ 12 የአኩፓንክቸር ቀጠሮ፣ ለውጥ ከታየ ተጨማሪ ስምንት ለመክፈል ወስኗል። ምክንያት ተብሎ ከተነገረው አንዱ በኦፒየም ዘር ክኒኖች ላይ ያለውን ጥገኝነት መቀነስ ነው። ለሱሱ ራሱ ግን መርፌውን አይከፍልም። ወገቡን ያመመው ሽማግሌ ክኒኑን ሳይለምድ ከመጣ ሒሳቡ በመድኑ ነው፤ ለምዶት መላቀቅ ቸግሮት ከመጣ በኪሱ።