ያውቁ ኖሯል? ካልሲ ሳይንስ ያስተምራል

«ጸሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም የምናውቃት ቀጭኔ፣ ጸሐይ፣ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት። ፕሮግራሙን ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የፈጠረችው መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። የፕሮግራሙ ብርታት፣ በእኔ እይታ፣ እጅ ለመታጠብ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ምክንያትም መስጠቱ ነው፤ ጀርም በዓይን አይታይምና ልጅ ምክንያቱን ካልሰማ ትእዛዙን ይረሳዋል።

«እንደ ወግዲ ባለ ገጠር ውስጥ ስንት ቤት ቴሌቪዥን አለውና?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚጠይቀው ስለ ማሳያው ነው፣ ስለ ትምህርቱ አይደለም። አሮጌ ካልሲ በእጁ ያጠለቀ መምህር ያንኑ ጨዋታ ክፍል ውስጥ ሊያመጣው ይችላል፤ ስለ መታጠብ ለሚደረግ ሙከራ የሚያስፈልገው ዕቃም ሩቅ አይደለም። እንዶድ ሲወቀጥ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም እንደ ሳሙና ቅባትን ከውሃ ጋር አቀላቅሎ እድፍን ያነሳል። (እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።) ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማም በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ በወንዝ ውስጥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት።