የመንግሥት ስኮላርሺፕና የአርብ ገበያ ልጅ

ከመካከላችን የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ ለማስትሬት ወደ ውጭ አገር መሄድን የማይመኝ ጥቂት ነው። ነገር ግን ስኮላርሺፕ ወይ የሎተሪ ዕጣ ነው፣ ወይ ዘመድ ላለው የሚሰጥ ነው የሚለው ወሬ ብዙውን ተማሪ ሳይሞክር ያስቀረዋል። እውነቱን ለመረዳት ነገሩን የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ ተወልዶ ባደገ ተመራቂ በኩል እንየው፤ እርሱ የሚያልፍበት በር ለሁላችንም የተከፈተ ነውና።

ሰጪዎቹ እነማን ናቸው? የብሪታንያ መንግሥት ቼቭኒንግ የተባለውን፣ የአውሮፓ ኅብረት ኤራስመስ ሙንዱስን፣ ጀርመን በዳድ አማካይነት፣ ቱርክና ቻይናም በየመንግሥታቸው ስም ይሰጣሉ። አብዛኞቹ የትምህርቱን ክፍያና የወር መተዳደሪያውን ይችላሉ። ለቼቭኒንግም ሆነ ለቱርክ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። እንግዲህ «ክፈሉኝና ላስገባችሁ» የሚል ደላላ የሚሸጠው በነፃ የሚገኘውን ነው።

የሚጠይቁት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤራስመስ ሙንዱስ የሥራ ልምድ ለሌለውና በመጨረሻው ዓመት ላይ ላለ ተማሪም ክፍት ነው። ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ተመርቆ አርብ ገበያ የተመለሰ አስተማሪ ወይም የግብርና ባለሙያ ከዓለም ተቆርጬ ቀረሁ ብሎ ማዘን የለበትም፤ ያ አገልግሎቱ ራሱ ለማመልከቻው ማስረጃ ይሆነዋል። ጊዜውንም ይወቅ፦ ቼቭኒንግ ብዙውን ጊዜ በሐምሌ መጨረሻ ተከፍቶ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይዘጋል፤ የቱርክ በጥርና በየካቲት ነው።

ታዲያ እንቅፋቱ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ከፈተናው ይልቅ ወረቀቱ ላይ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት ይቸገራል። ወረቀቱን ለማስጨረስም ከአርብ ገበያ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፣ አልፎም እስከ አዲስ አበባ መጓዝ አለበት። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የክልሉ ልጅ ሊፎካከርበት የሚችለው ቀን በከንቱ አልፏል። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራት አንድ ነገር ሊጠይቁ ይገባል፦ ዩኒቨርሲቲዎች ለስኮላርሺፕ የሚያስፈልገውን ትራንስክሪፕት፣ ዕዳው ሳይሰረዝ፣ በቀጥታ ለጠየቀው ተቋም ይላኩ። ባለዕዳው ተምሮ ደመወዙ ሲሻሻል ዕዳውን ለመክፈል ይበልጥ ይችላልና።

የመመለስም ጥያቄ አለ። ቼቭኒንግ ያገኘ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታው ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር ከተማሩትም አብዛኞቹ ተመልሰዋል። የውጭው መንግሥት የሚከፍለው የመጨረሻውን ዓመት ወይም ሁለቱን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማረን የአርብ ገበያ ገበሬና የመሰሎቹ ግብር ነው።

ይህን ስንል ማንም በግድ ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ የሚመለሰው ሥራ እንዲያገኝም መንግሥት ሊያስብበት ይገባል። ለጊዜው ግን በእጃችን ያለውን እንሥራ። ትራንስክሪፕታችንን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ድጋፍ የሚጽፉልንን ሁለት መምህራን ከወዲሁ እናነጋግር፤ ቀኑን ያወቀ ለማያውቀው ጓደኛው፣ ይልቁንም ክረምቱን በገጠር ለሚያሳልፈው፣ ይንገር።