የብረት ፐርጎላ በጎርጎራ ሰገነት

ፐርጎላ ከቋሚና ከአግዳሚ የሚሠራ፣ ጣሪያው ክፍት የሆነ የዳስ ዘመድ ነው። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የገበታ ለሀገር መዝናኛ በተሠራባት ጎርጎራ፣ ሰገነት ላይ ሲተከል ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐይቁ ያደርጋል።

ከተማዋ በሰሜን 12 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ነሐሴን ደመና ይጋርደዋል፤ ሚያዝያ ግን ምሕረት የለውም። ያኔ ተራርቀው የተደረደሩ አግዳሚዎች እምብዛም ጥላ አይሰጡም። ሸምበቆ ወይም ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቢነጠፍባቸው ይሻላል፤ ሲበሰብስ ይቀየራል።

ከሁሉ የሚከብደው እግሩ ነው። ቋሚው ሶሌታው መሃል ሳይሆን፣ ከሥሩ ኮለን ወይም ቢም ባለበት ቦታ ይቆማል፤ ወፍራም ላሜራ ተበይዶለት በቡሎን ይታሰራል። ቡሎኑ የሰገነቱን ውኃ መከላከያ ስለሚበሳ፣ ዙሪያው በደንብ ካልታሸገ የክረምቱ ዝናብ ታች ካለው መኝታ ቤት ይገባል። ለቀለሙ ዓይነት የሚጨነቅ ባለቤት ይህን ሲዘነጋ ማየት ብርቅ አይደለም።

ዝገት ብየዳውን ያስቀድማል። ቅርፊቱ ተፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባል፣ ማጠናቀቂያው ቀለም ከዚያ ይከተላል። አርኤችኤስ የሚባለው ውስጠ ክፍት ብረት አፍም ይደፈናል፤ ውስጡ የተኛ ውኃ ብረቱን ሳይታይ ይበላዋል። 6 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ጫፉ ከግድግዳው ትንሽ ክፍተት ይተውለታል፤ አለዚያ ልስኑን ይሰነጥቀዋል።